ተቀማጩ መምህር

የዛሬው ንግግሬ በተማረበት ትምህርት ቤት ተመልሶ ገብቶ፣ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ስላስተማረ መምህር ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማችን አይጠፋም። በሽኝቱ ዕለት ጋቢ ያለብሱታል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጡታል፣ የቀድሞ ተማሪዎቹም ተራ በተራ እየተነሱ ትዕግሥቱንና ትሕትናውን ያመሰግናሉ። ምስጋናው ይገባዋል። ይሁን እንጂ የሚነግረን ስለ ሰውየው ጠባይ ነው፤ እዚያው መቆየቱ ለትምህርት ቤቱ ምን እንደፈየደ አይነግረንም። ያው የትምህርት ደረጃና ያው ችሎታ ያላቸው ስድስት ወይም ሰባት መምህራን በእሱ ቦታ ቢፈራረቁ ኖሮ ምን ይጎድል ነበር? ክፍለ ጊዜው ይሸፈናል፣ ፈተናው ይወጣል፣ ውጤቱም ይሞላል። መዝገብ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያየውም። እኔ ግን ልዩነት አለ እላለሁ። መምህሩ በአንድ ቦታ መቆየቱ ራሱ የዕውቀት ዓይነት ነው፤ ይህ ዕውቀት በዲግሪ አይገኝም፣ በዝውውርም አብሮ አይሄድም። የዘመናዊ ትምህርታችን አሠራር ለዚህ ዕውቀት ስም እንኳ አላወጣለትም።

ከቅርባችን ልጀምር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት የመምህሩ መቀመጥ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም፤ ሥርዓቱ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ድጓ ተምሬ ጨርሻለሁ የሚል ተማሪ ለምስክር ጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ይሄዳል። ዝማሬና መዋሥዕት ያሻው ዙር አምባን፣ ቅዳሴ ያሻው ሰለልኩላን ወይም ደብረ ዓባይን፣ አቋቋም ያሻው ጎንደርን ይፈልጋል። ቅኔ የተጠማም ዋድላን፣ ዋሸራን ወይም ጎንጅን ይላል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አቆፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ አገር ያቋርጣል። የኔታ ግን ከወንበራቸው አይነሱም። ቦታው ስም ያወጣው መምህሩ በመኖሩ ነው፤ መምህሩም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ጉባኤ ቤት ወይም ከዚያ ጉባኤ ምሩቅ እግር ሥር የወጣ ነው። ትናንት ቅኔ ሲቆጥር የነበረው ተማሪ ነገ የራሱን ቅኔ ዘራፊ ይሆናል፣ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያሰማል፣ የየኔታን አስተራረምና ቁጣ ሳይቀር ያጠናል፤ ከዚያ በኋላ ወይ ወጥቶ የራሱን ጉባኤ ይተክላል፣ ወይም የመምህሩን ወንበር ይረከባል። በተማሩበት ቤት ማስተማር በዚህ ሥርዓት ውስጥ እንደ ስንፍና ወይም እንደ ዕድል ማጣት አይቆጠርም። እንዲያውም የክብር ሁሉ መጨረሻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በጉባኤው የሚንቀሳቀሰው ተማሪው፣ የሚቀመጠው መምህሩ ነው። መምህሩ ካልተስማማው ተማሪው እግር አለው፤ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሻገራል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ነገሩ ተገልብጧል። ልጁ በወላጆቹ ቤት፣ በቀበሌውና በዕድሜው የታሰረ ነው፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ መምህር ፍለጋ ሁለት ወንዝ አይሻገርም። የሚንቀሳቀሰው መምህሩ ሆኗል። የመምህራን መፈራረቅ ጉዳቱ ያረፈው አማራጭ በሌለው ወገን ላይ ነው ማለት ነው። በዚህ ንጽጽር የድሮውን ሥርዓት አምላኪ እንዳልባል እፈራለሁና ጉድለቱንም ልናገር፤ ሴቶችን ከጥቂቶች በቀር አላስተናገደም፣ ዱላው የበዛ ነበር፣ ሁሉም በአንድ ሰው ላይ ስለተንጠለጠለ ምትክ ሳያዘጋጁ ያለፉ መምህር ጉባኤያቸውን ይዘው ያልፉ ነበር። ይህ የመጨረሻው ጉድለት ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ሰውየው ሲሄድ የሚሄድ ነገር መኖሩን የሚመሰክር ነውና።

ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከጅምሩ የተሠራው በተላላፊ መምህር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲከፈት ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በውጭ አገር መምህራን ጀመረ፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ከኩቤክ ለመጡ ኢየሱሳውያን ተሰጠ። በመካከሉ የ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ገባ፤ ተተኪ ይሆን የነበረው የተማረ ወጣት አንዳንዱ ተሰደደ፣ ብዙው ተገደለ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ሲስፋፉ ክፍተቱን የሞሉት በውል የሚመጡ ሕንዳውያንና ከ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ሁለት ሁለት ዓመት እያገለገሉ የሚመለሱ አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች ናቸው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። የእነዚህን ሁሉ ውለታ አልክድም። ያለ እነሱ የአንድ ትውልድ ሐኪም፣ መሐንዲስና የሕግ ባለሙያ ባላገኘን ነበር። ነገር ግን ልማዱ አብሮን ቀረ። መምህር መጥቶ የሚሄድ ሰው ነው የሚለው አስተሳሰብ የተተከለው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ የራሳችን ልጆች በእነዚያ ሰዎች ቦታ ሲተኩም ቦታውን ከነአስተሳሰቡ ወረሱት።

የዛሬውን ሁኔታ አብዛኛችሁ ታውቁታላችሁ። አዲስ ምሩቅ ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው ወደማያውቀው ወረዳ ይወስደዋል። ከደረሰበት ቀን ጀምሮ የሚያስበው ስለ ዝውውር ነው፤ መጀመሪያ ወደ መንገድ ዳር፣ ቀጥሎ ወደ ወረዳው ከተማ፣ ከዚያም ወደ ዞን። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከደመወዝ ቀጥሎ የሚወራው ይኸው ነው። የደረጃ ዕድገቱን መሰላል ተመልከቱት፤ ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ይወጣል። በእነዚህ ስሞች ውስጥ የአገልግሎት ዘመን አለ፣ ምዘና አለ። ቦታ ግን የለም። ሃያ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ያገለገለና ሃያውን ዓመት በሰባት ትምህርት ቤት ያዳረሰ ሰው በመሰላሉ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። መሰላሉን የሠሩት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች ነበሩ አልልም፤ የመምህር ዕውቀት በግለሰቡ ጭንቅላት ውስጥ ያለ፣ ወደ ሄደበት ይዞት የሚሄደው ንብረት ነው ብለው አሰቡ። ይህ ግምት ትክክል ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናገረው ነገር ባልኖረኝ።

ግምቱ ትክክል እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ሮንፌልት፣ ሎብና ዊኮፍ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የኒው ዮርክ ከተማን የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የስምንት ዓመት ውጤት መረመሩ፤ መዝገቡ 850,000 ገደማ የተማሪ ውጤቶችን የያዘ ነው። የመምህራን መፈራረቅ በበዛባቸው ዓመታትና ክፍሎች የተማሪዎች የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ብዙ አያስደንቅም፤ ጎበዙ ሄዶ ጀማሪ ተተካ ይባላልና። አስደናቂው፣ የሚተካው መምህር ከሄደው እኩል በሆነበት ጊዜም ጉዳቱ አለመጥፋቱ ነው። ከዚያም በላይ የራሳቸው መምህር ያልሄደባቸው ልጆች ጭምር ተጎዱ። እስቲ አስቡት፤ መምህርቷ እዚያው አለች፣ ክፍሏም ያው ነው፤ የጎረቤት ክፍል መምህራን ስለተለዋወጡ ብቻ የእሷ ተማሪዎች ውጤት ወረደ። ዕውቀቱ በየግለሰቡ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ቢሆን ይህ ሊሆን አይችልም። አንዱ ለሌላው በሚነግረው፣ አንዱ ለሌላው በሚያስረክበው ነገር ውስጥ የሚኖር ዕውቀት አለ። ጉዳቱ ደግሞ የከፋው ደካማ ውጤት ባላቸውና ጥቁር ተማሪዎች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ነው።

ሌላም ልጨምር። ሂልና ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት በኖርዝ ካሮላይና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሁለተኛ ዓመት ከዚያው መምህር ጋር የገጠሙ ልጆች መጠነኛ የውጤት መሻሻል እንዳሳዩ አገኙ። መሻሻሉ ትንሽ ነው፤ አላጋንነውም። ነገር ግን አንድም ብር አላስወጣም። አዲስ መጽሐፍ አልታተመም፣ ሥልጠና አልተሰጠም፤ መምህሩ ልጁን ስላወቀው ብቻ የመጣ ነው።

ይህ ማወቅ ምንድን ነው? ነገሩን ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት እናውርደው። ልጁ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚቀረው ሰንፎ ሳይሆን አጨዳና ውቂያ ስለሆነ ነው። ልጅቷ ሐሙስ ሐሙስ የምትጠፋው የገበያ ቀን ስለሆነና ሕፃን የምትይዝ እሷ ስለሆነች ነው። በዚህ ዓመት አምስተኛ ክፍል የገቡት ልጆች ክፍልፋይ ሲባል የሚደነግጡት በሦስተኛ ክፍላቸው ግማሽ ዓመት ያለ ሒሳብ መምህር ስለቆዩ ነው። ይህን ቤተሰብ ለማሳመን አባትየውን ማነጋገር አይጠቅምም፤ አያትየው ካልተናገሩ ነገሩ አይሆንም። እነዚህን ነገሮች የትኛውም የመምህራን ኮሌጅ አያስተምርም፤ በትምህርት ዕቅድ ላይም አይጻፉም። የሚሰበሰቡት በዓመታት ነው። ተቀማጩ መምህር ሲሰበስባቸው ይኖራል፣ ለባልደረቦቹም ያከፋፍላቸዋል፤ አዲሱ መምህር በገባ በወሩ ለምን ይህ ልጅ ዝም አለ ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። ታላቅ ወንድምን ያስተማረ ታናሽን ከዜሮ አይጀምርም፤ እናትን ያስተማረማ ገና ልጁ በሩን ሲያልፍ ግማሹን ያውቀዋል።

ያ መምህር ደግሞ የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ከሆነ ብዙውን ቀድሞ ይዞት ይገባል። ሰው ወደ ቤቱ እንደሚሳብ ቁጥሮችም ያሳያሉ። ቦይድና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት መሠረት በኒው ዮርክ ግዛት ከ100 ጀማሪ መምህራን 61ዱ መጀመሪያ የተቀጠሩት ካደጉበት ከተማ 15 ማይል፣ ማለትም 24 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ነው። ይህ በሰው ጠባይ ውስጥ ያለ ኃይል ነው፤ የእኛ ዕጣ ግን ሳይጠቀምበት ይቃወመዋል። ከዚህ ጋር የሚመጣ መራራ ሐቅም በዚያው ጥናት አለ። ደካማ ትምህርት ቤት ለኮሌጅ የሚያበቃቸው ጥቂቶችን ነው፤ ተመልሰው የሚያስተምሩለትም ጥቂቶች ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሌላ ቦታ ሲለምን ይኖራል። ሁሉም ወደ ተማረበት ይመለስ ብንል ባለጠጋው አካባቢ ይበለጽጋል፣ ድሃው እንደደኸየ ይቀራል። መፍትሔው ግን የተጎዱት ወረዳዎች ልጆችን ለመምህርነት ሆን ብሎ መመልመልና አስተምሮ ወደ መንደራቸው መመለስ ነው እንጂ የሌላ አገር ልጅ በዕጣ እየላኩ የዝውውር ቀኑን እንዲቆጥር ማድረግ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን ለዚህ መንገድ ግማሹን ጠርጓል፤ የቋንቋው ባለቤት ከዚያው አካባቢ ነዋ የሚገኘው።

አንድ ቦታ የቆየ መምህር ይዝጋል የሚል ተቃውሞ ዘወትር ይነሣል። የሃያ ዓመት ልምድ አለኝ የሚለው የአንድ ዓመት ልምዱን ሃያ ጊዜ የደገመ ሊሆን ይችላል ይባላል። እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ቢጫ የሆነ ማስታወሻውን እያነበበ የሚያስገለብጥ መምህር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥያቄው ግን የዛገው ስለቆየ ነው ወይስ የቆየበት ቤት የሚያዝግ ስለሆነ ነው? ክራፍትና ፓፔ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት፣ ሥርዓት ባለበት፣ ባልደረባ ከባልደረባ በሚመካከርበትና ርእሰ መምህሩ በሚደግፍበት ትምህርት ቤት የሚሠሩ መምህራን በአሥር ዓመት ውስጥ ደካማ ከባቢ ካላቸው ትምህርት ቤቶች መምህራን በ38 በመቶ የበለጠ ተሻሽለዋል። መዛወር ዝገት አያስለቅቅም። ዝገቱን ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል እንጂ።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ዩክሬናዊው ቫሲል ሱኾምሊንስኪ ይመስለኛል። በ1918 እ.ኤ.አ. ኦኑፍሪዪቭካ በተባለው ወረዳ በአንዲት የገጠር መንደር ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1942 ክፉኛ ቆሰለ፤ የመድፍ ስባሪው በደረቱ ውስጥ እንዳለ ቀረ፤ ሚስቱንም የጀርመን ወራሪዎች ገደሏት። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ትውልድ አካባቢው ተመለሰ፤ በ1948 ፓቭሊሽ በምትባል መንደር የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነ፤ እስከሞተበት እስከ 1970 ድረስም ከዚያ አልተነሣም። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት! በአስተዳደሩ ብቻ አልተወሰነም፤ 31 ሕፃናትን ገና መደበኛ ትምህርት ሳይጀምሩ ተቀብሎ፣ ወደ አትክልት ቦታና ወደ ሜዳ እያወጣ እንዲመለከቱና እንዲናገሩ አስተማረ፤ አንደኛ ደረጃውንም አብሯቸው ዘለቀ። በጦርነቱ አባት ያጡ፣ ቤታቸው የፈረሰ ልጆች ነበሩ፤ የእያንዳንዱን ቤት ያውቅ ነበር። መምህራኑን እየሰበሰበ ስለ አንድ ልጅ ብቻ፣ ምን እንደሚከብደውና ለምን እንደሚከብደው፣ ያወያይ ነበር። ከዚህ ሥራ የወጣውና በ1969 የታተመው «ልቤን ለልጆች እሰጣለሁ» የተሰኘው መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ቦታ ለመቀየር ሰበብ አልጎደለውም፤ ከመንደሯ ባይወጣም የሚጽፈው በአንድ ትልቅ አገር ሁሉ ይነበብ ነበር። የጻፈውን ሊጽፍ የቻለው ግን እነዚያኑ ልጆች ከዓመት ዓመት ስላያቸው ነው።

ከዝገቱ የሚከብደው ተቃውሞ ከጃፓን ይመጣል። በጃፓን የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በየጥቂት ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ፤ ዓላማውም ጎበዙ መምህር ለሀብታም ሰፈር ብቻ እንዳይቀር ነው። የጃፓን ልጆች ውጤት ደግሞ በዓለም ከፊተኞቹ ነው። ታዲያ ዝውውር ምን ጎዳ? ይህን በቀላሉ መግፋት አይቻልም፤ ፍትሕ ያለው ሐሳብ ነው። ሆኖም የጃፓን ዝውውር የሚካሄደው በአንድ ግዛት ውስጥ፣ በታቀደ ጊዜና ለሁሉም በእኩል ነው። መምህራኑ የትም ቢሄዱ አንዱ የሌላውን ትምህርት ቁጭ ብሎ ተመልክቶ የሚተችበት የቆየ ልማድ ይጠብቃቸዋል፤ አንድ ሰው ሲሄድ የሚያውቀውን የሚያስቀርበት ቤት አለው። የእኛ ዝውውር ከጠረፍ ወደ መሀል፣ ከገጠር ወደ ከተማ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ነው። ልምድ ያለውን ወደሌለው ቦታ አያደርስም፤ ልምድ የሚያስፈልገውን ቦታ ያራቁታል። ጃፓንን የሚጠቅስ ሰው ማዛወሩን ብቻ ሳይሆን ማስረከቡንም ይጥቀስ።

የቀረው ተቃውሞ ስለ ሥልጣን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ የኖረ ሰው ዘመድ ያበዛል፣ ቂምም ያበዛል። የአበልጁን ልጅ ውጤት ሊያሳምር፣ የባላንጣውን ልጅ ሊያስጨንቅ ይችላል፤ ወላጅም ነገ ሌላውን ልጄን ያስተምረዋል ብሎ ፈርቶ ዝም ይላል። ይህ ጥፋት የሚከለከለው በወላጆች ኮሚቴ፣ በሱፐርቪዥንና ከቤቱ ውጭ በሚታረም ፈተና ነው። ቁጥጥሩ በሌለበት ተላላፊው መምህርም ያጠፋል፤ እንዲያውም የሚያፍርበት ጎረቤት ስለሌለው ይደፍራል። ከዚህ ጋር፣ የተቀመጠ ሁሉ ወድዶ የተቀመጠ እንዳይመስለን። ደመወዙ ለቤት ኪራይ ሳይበቃው፣ መሄጃ አጥቶ የቀረን መምህር ጽናቱ ይደነቃል እያሉ ማወደስ ስላቅ ነው። እኔ የምከራከርለት ሊሄድ እየቻለ የቆየውን፣ ለመቆየትም ምክንያት የተሰጠውን መምህር ነው። መምህርን በመመሪያ አስሮ ማስቀረት ጉባኤ አይተክልም።

ስለዚህ ለትምህርት ቢሮዎችና ለወላጆች የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በደረጃ ዕድገቱ መስፈርት ላይ በአንድ ትምህርት ቤት በተከታታይ ያገለገለበት ዘመን የራሱ ነጥብ ይሰጠው፤ ሩቅ ለሆነው ትምህርት ቤት ነጥቡ ይብዛ፤ የመኖሪያ ቤት መሥሪያ ቦታም ከመሀል ከተማ አስቀድሞ እዚያ ይሰጠው። ዝውውር የተፈቀደለት መምህር ከመሄዱ በፊት ከተተኪው ጋር ቢያንስ አንድ ወሰነ ትምህርት አብሮ ያስተምር፤ ተማሪዎቹን በስም ያስረክብ። ጡረታ ሊወጣ አምስት ዓመት የቀረውን መምህር የክፍለ ጊዜ ጫና ቀንሱለትና እንደ አስነጋሪ ሁለት ጀማሪዎች ከሥሩ መድቡለት። ወላጆች ሆይ፣ እናንተም በመጪው ስብሰባ ላይ የጣሪያውንና የአጥሩን ነገር ከጨረሳችሁ በኋላ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት መምህር ከዚህ ትምህርት ቤት እንደሄደና ለምን እንደሄደ ርእሰ መምህሩን ጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።